ለራሴ ያስገባሁት አቤቱታ

መስከረም 9

ካውያ ሁለት፣ ሬዲዮ አንድ፣ የሚጮህ ማራገቢያ አንድ። ማራገቢያው አልዳነም። ባለቤቱ «ድምፁን እንኳ ቀንስልኝ» አለ። ድምፁ እንዳለ ነው፣ የቀነስኩለት ተስፋውን ነው።

ፎቶ ኮፒ የጠየቀኝ ሰው ደግሞ ስድስት። በራፌ ላይ ካውያ ተሥሏል፣ በር የሚያህል ካውያ። ግን ከመንገዱ ማዶ ያለው መሥሪያ ቤት «ኮፒ አስደርገህ ና» ብሎ የሚመልሰው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው የእኔን መስኮት ነው። «አባባ፣ መታወቂያ ኮፒ ያደርጋሉ?» ይለኛል። «ኮፒ አላደርግም፣ ከተጨማደደ ግን በካውያ አስተካክልልሃለሁ» እለዋለሁ። ከስድስቱ የሳቀው አንዱ ነው። ሰው መሥሪያ ቤት ሲመላለስ ሳቁን እዚያ ነው የሚረሳው።

ከሰዓት በኋላ ቤት ገዛሁ።

እንዲህ ስጽፈው ዳቦ የገዛሁ ይመስላል። ሃያ ስድስት ዓመት በካውያ ከተቃጠልኩ በኋላ ግን አራት ክፍል፣ አንድ ግቢ፣ አንድ ዘለላ ቁልፍ የእኔ ሆነ። አንደኛው ክፍል የተቆለፈ ዕቃ ቤት ነው፣ ሦስቱ ውስጥ ሰው አለ። የሸጠልኝ ሰውዬ «ተከራዮቹ ገራም ናቸው፣ በአንድ ቃል ይወጣሉ» አለኝ። ቃሏን ግን አልነገረኝም።

የእህቴ ልጅ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። የመንገድ መስኮት ያላት የፊት ክፍል የእሷ ናት፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ትከፍትባታለች። ቃል ሰጥቻታለሁ። ቃሌን ይዛ ሥራዋን ለቀቀች። ማሽኑ ጥቅምት 15 ይመጣል።

እህቴ፣ ልጇና እኔ የምንኖረው በእናታችን ቤት ነው። እነሱ ከውስጥ፣ እኔ በመንገዱ በኩል ካውያዎቼ መሃል። እህቴ ቁልፎቹን በእጇ መዘነቻቸው። «በስተርጅና የቤት ባለቤት ሆንክ» አለች፣ «እግዜር ለተከራዮቹ ይሁናቸው»።

መስከረም 12

ልነግራቸው ነው የሄድኩት። በቀን፣ ፊት ለፊት፣ እንደ ጨዋ ሰው። የጎረቤታችንን ምድጃ ጠግኜ በዚያው ስላለፍኩ የዕቃ ቦርሳዬን ይዣለሁ። ጥፋቱ የቦርሳው ነው።

በሩን የከፈተችው አንገቷ ላይ ሜትር ያንጠለጠለች ሴትዮ ናት። ልብስ ሰፊ። ቦርሳዬን አየች፣ እኔን አየች፣ ደግማ ቦርሳዬን አየች።

«ሦስት ዓመት» አለች።

«ምኑ?»

«ሦስት ዓመት ጠበቅንዎ። ቧንቧው በዚህ በኩል ነው። ድምፅዎን ቀንሰው ይግቡ»።

ምን ማለት ነበረብኝ? «እትዬ፣ እኔ የቤቱ ባለቤት ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አፌንም ከፍቼ ነበር። የወጣው ግን «ዋናው መዝጊያ የት ነው?» የሚል ነው። አፌ ሁልጊዜ ከእኔ ይቀድማል፣ ልጅ ሆኜም እንዲሁ ነበርኩ።

መዝጊያው የቆጣሪው ሳጥን ውስጥ ነው፣ ሳጥኑ ተቆልፏል። ከኪሴ ቁልፍ አወጣሁ፣ ከፈትኩ፣ ውሃውን ዘጋሁ፣ ላስቲኩን ቀየርኩ። ግማሽ ሰዓት። አንድ ሽማግሌ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን እያየ ወፍራም ደብተር ላይ ሲጽፍ ነበር። መዝገብ ቤት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ነው። የግቢው ሰው «መዝገቡ» ይለዋል።

ድምፅ ቀንሱ የተባለው ለምን እንደሆነ ኋላ ገባኝ። መሃል ክፍል ያለችው ነርስ ሌሊት ሠርታ ቀን ትተኛለች። ግቢው እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት በሹክሹክታ ነው የሚኖረው። ባሏ ሾፌር ነው፣ መንገድ ላይ የሚጮኸውን ጩኸት ሁሉ እዚህ ውጦ ይቀመጣል።

«ቤቱ ተሸጠ አሉ» አለኝ በሹክሹክታ። «የገዛው ሰውዬ ሦስት ቤት አፍርሷል አሉ»።

«አራት» አልኩ።

«ያውቁታል?»

«በመልክ»።

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ፊቱ ያሳስታል። ደግ ይመስላል»።

ልብስ ሰፊዋ ከንፈሯን መጠጠች። አምፖል እየቆጠረ ነው የሚያድረው ይባላል ብዬ ጨመርኩላቸው። ማን ይላል? እኔ። መንገዱን ሙሉ ብቻዬን ስስቅ ሰው ዞር እያለ አየኝ።

መስከረም 13

ነገ እነግራቸዋለሁ። ሳቄ ሲያልቅ።

መስከረም 14

አልነገርኳቸውም።

ገና ስገባ መዝገቡ ወረቀት አስጨበጠኝ። ተራ ቁጥር፣ የብልሽት ዓይነት፣ ክፍል፣ አስተያየት። አሥራ አንድ ብልሽት። በአስተያየቱ ሥር ሁሉም ላይ «ከባድ» ተብሏል። የተቃጠለ አምፖልም «ከባድ»። ሲጥ ሲጥ የሚል የአልጋ እግርም «ከባድ»።

«ማን ይከፍልዎታል?» አለ ሾፌሩ።

«የድሮው ባለቤት ከፍሎኛል» አልኩ።

ያ ሰውዬ እንኳን ሊከፍል ሰላምታም ቆጥቦ ነው የሚሰጠው። ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ ተናገርኩት፣ ሁሉም አመኑኝ። ገራም ሰዎች ናቸው፣ የሸጠልኝ ሰውዬ እውነቱን ነው። «ጋሼ ቧንቧ» የሚል ስምም አወጡልኝ።

ደግሞስ ምን ከፋ? እንደ ባለቤት ብመጣ በር ላይ ቆሜ እመለስ ነበር። እንደ ጋሼ ቧንቧ ግን አልጋ ሥር ሁሉ ገብቻለሁ። የነርሷን የበር ማጠፊያ የመታሁት መዶሻዬ ላይ የሾፌሩን ካልሲ አልብሼ ነው። በሕይወቴ እንዲህ በጨዋነት ምስማር መትቼ አላውቅም።

የፊቷን ክፍልም አየሁ። መስኮቷ ሰፊ ናት፣ ብርሃኑ እስከ ጓዳ ይደርሳል። የእህቴ ልጅ ማሽን በትክክል ይቆማል... ልለካ ፈለግኩ፣ የእኔን ሜትር ረስቻለሁ።

«እትዬ፣ ሜትርዎን ያውሱኝ»።

ከአንገቷ አውጥታ ሰጠችኝ። «ምን ሊያደርጉት ነው?»

«መስታወቱ ላላ ይላል»።

ለካሁ። በእሷ ሜትር። ወደ ቤት ስመለስ እንደ ሰሞኑ አልሳቅኩም።

መስከረም 20

ዛሬ የግቢው ስብሰባ ነበር። ነርሷ ተራዋ ስላልሆነ ስብሰባው በሙሉ ድምፅ ሆነ፣ ሁሉም እንዲለምዱት መጀመሪያ ሳል ሳል አሉ። ጉዳዩ አንድ ነው። ለአዲሱ የቤት ባለቤት ደብዳቤ ይጻፍ።

መዝገቡ ጀመረ። «ከላይ በመግቢያው ለመጥቀስ እንደተሞከረው፣ ቀደም ሲል በነበረው አሠራር መሠረት፣ ነዋሪዎች በየጊዜው በቃልም ሆነ በጽሑፍ ሲያቀርቡት የቆየው...» ሩብ ሰዓት አነበበ፣ ዓረፍተ ነገሩ ማለቂያው አልመጣም። ሾፌሩ እንቅልፍ ወስዶት ነቃ፣ አሁንም አልመጣም።

«ጋሼ ቧንቧ ይጻፉት» አለ ሾፌሩ። «እሳቸው ሰውዬውንም ያውቁታል»።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ብዕር ሲሰጡኝ እጄን በላኝ። ትምህርት ቤት አራት ዓመት ብቻ ነው የተቀመጥኩት፣ የቀረውን ያስተማረኝ የጋዜጣ መጠቅለያ ነው። ጻፍ የሚለኝ ሰው ሳገኝ ራሴን መግታት አልችልም። እንዲህ አልኩ፦

«ለአዲሱ የቤት ባለቤት። ሲገዙ ግድግዳውን ነው የገዙት። እኛ ውስጡ የኖርነውን ዓመት ሻጩ አልሸጠልዎትም፣ የእሱ አይደለምና። ወደ ግቢው ሲመጡ በር ላይ ጉሮሮዎን ይጥረጉ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት በፊት ከሆነ ጉሮሮዎንም በሹክሹክታ ይጥረጉ...»

ሳቁ። ሳቃቸው አሞቀኝ፣ «የልብስ ማስጫውን ገመድ ተራ የሚያወጣው ነዋሪው ነው» ብዬ ቀጠልኩ። ሰውዬውን ጭራሽ ጠላሁት።

«መስኮቷን ይጨምሩልኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ። ዓይን ዓይኔን እያየች። «ጠንከር አድርገው ይጻፉት። ሰውዬው ፊቱ ያሳስታል ብለዋል»።

ጻፍኩት። «የፊት ክፍል ነዋሪ ራሷ ካልፈቀደች በቀር ከመስኮቷ አትነሳም።»

ሁሉም ፈረሙ። የጻፈ ሰውም ይፈርማል አለ መዝገቡ፣ የግቢው ደንብ ነው። ፈረምኩ። መዝገቡ በካርቦን ሦስት ቅጂ አወጣ።

መንገድ ላይ ነው የገባኝ። አንዲት መስኮት ለሁለት ሰው ሰጠሁ። ለአንዷ በቃል፣ ለአንዷ በፊርማ።

መስከረም 23

የድሮው ባለቤት ስልክ ደወለ።

«ተጠንቀቅ» አለኝ። «ተከራዮቹ በእኔ በኩል ደብዳቤ ልከውልሃል። የጻፈላቸው ሰው የዋዛ አይደለም። ጠበቃ ሳይሆን አይቀርም»።

«በምን አወቅህ?»

«አጻጻፉ ያስታውቃል። ጨዋ መስሎ ይወጋል። ተንኮለኛ ነው»።

ደስ አለኝ። ከዚያ የተወጋው ማን እንደሆነ ትዝ አለኝ።

ሄጄ ደብዳቤዬን ተቀበልኩ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እውነትም ጠንካራ ነው፣ መግቢያ ቀዳዳ የለውም። ለዚህ ሰው ምን ብዬ እመልስለታለሁ?

መስከረም 26

«ጋሼ፣ ክፍሏን መቼ ነው የማያት?» አለች የእህቴ ልጅ።

«ቀለም እየተቀባች ነው»።

«ሰዎቹ ወጡ ማለት ነው?»

«እየተነጋገርን ነው»። ይቺስ እውነት ናት። ስንነጋገር ነው የምንውለው።

እህቴ በበሩ ብቅ አለች። «አንተ ሰውዬ፣ ቤት ገዛህ ወይስ ተቀጠርክ? ቤት የገዛ ሰው ሁሉ እንዳንተ ጠዋት መዶሻ ይዞ ወጥቶ ማታ ኖራ ለብሶ የሚመለስ ከሆነ፣ እኔ ተከራይቼ ልሙት»።

ዛሬ ፎቶ ኮፒ የጠየቁ ዘጠኝ። አንዲት አሮጊት ከማዶ ሁለት ጊዜ ተመልሰው መጡ። ሁለተኛ ጊዜ የመስኮቴ ደፍ ላይ ወረቀታቸውን አስቀምጠው አረፍ አሉ።

«ልጄ፣ ታዲያ እዚህ መስኮት ላይ ተቀምጠህ ምን ትሠራለህ?» አሉኝ።

«ካውያ እጠግናለሁ»።

«ካውያ ለመጠገን መስኮት ምን ያደርግልሃል?»

 ወረቀታቸውን አንስቼ ሰጠኋቸው።

ጥቅምት 2

የመዝገቡን አልጋ እግር ሳስተካክል ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ ተቀደደ። ልብስ ሰፊዋ «ያምጡት» አለች። የጠረጴዛዋን ጨርቅ ታጥቄ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ወጥቶ፣ የተከራይ ጨርቅ አገልድሜ... የቤት ባለቤትነት እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ወንበሯን ወደ መስኮቱ ጎተተች። መርፌዋን ለብርሃኑ አሳየችው። ክሩ ሦስት ጊዜ ሳተ። ላግዛት ብዬ ተጠጋሁ፣ እኔም መነጽሬን ረስቻለሁ። ሁለታችን አንዲት ቀዳዳ ላይ አፈጠጥን።

«ዓይኔ በአምፖል እምቢ ብሏል» አለች። «በቀን ብርሃን ግን ገና ጉድ ነኝ። ጨለማ ክፍል ቢሰጡኝ በሁለት ወር ውስጥ እጄን ከእጅጌው ጋር ሰፍቼ እገኛለሁ»።

ደንበኞቿ በር አያንኳኩም፣ መስታወቱን በጣት ነው የሚመቱት። አመታታቸውን ለይታ ታውቃለች። አንዷ መታች። «ይቺ የሙሽራዋ እናት ናት» አለች ቀና ሳትል፣ «ከልጇ የባሰ የቸኮለችው እሷ ናት»። እውነትም እሷ ናት። ከስፌት መኪናው መርገጫ ሥር ሲሚንቶው እንደ ሳህን ጎድጉዷል። የአሥራ ሰባት ዓመት እግር ነው።

«ሰውዬው ውጪ ቢልዎትስ?» አልኩ። ድምፄ እንዳይታወቅብኝ እያየሁ።

ክሯን በጥርሷ ቆረጠች።

«አልለምነውም። አንድ ነገር ብቻ እለዋለሁ። የስፌት መኪናዬን ራሱ ተሸክሞ ያውጣት። ክብደቷን ይወቀው»።

«ወገብ ያለው አይመስለኝም»።

«ለእኔም አይመስለኝም» አለች። ሱሪዬን አራግፋ ሰጠችኝ። ጥገናው የት እንደሆነ አይታይም።

እሁድ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ። የእህቴን ልጅም፣ እነሱንም። መጀመሪያ ለማን? ማንን አስቀድሜ ላሳዝን?

ጥቅምት 5

እሁድ አልደረሰልኝም።

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የነርሷን በር ማጠፊያ እየመታሁ ነበር፣ ለሦስተኛ ጊዜ። መዶሻዬ ካልሲውን ለብሷል። የእህቴ ልጅ የቤቱን ውል ከመሳቢያዬ አንብባ፣ አድራሻውን ይዛ፣ በግቢው በር ገባች።

«ጋሼ» አለች በሙሉ ድምፅ። «ቤቱን ገዝተህ በሩን አንተ ትጠግናለህ? ተከራዮችህ ምን ይሠራሉ ታዲያ?»

መዶሻው ከእጄ ወደቀ። እግሬ ላይ ስላረፈ ድምፅ አላሰማም። የግቢው ሰው ሁሉ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ አያት። መሬት ተከፍታ እንድትውጠኝ ጠበቅኩ። መሬት እንደ ድሮው ባለቤት ናት፣ ሲጠሯት አትመጣም።

ግን የደነገጠ የለም። ሾፌሩ ጫማውን ማሰር ቀጠለ። ልብስ ሰፊዋ በመስኮት ብቅ ብላ «ዘመድዎ ናት?» አለች።

«ታውቁ ነበር?» አልኩ።

መዝገቡ ደብተሩን ገለጠ። በሹክሹክታ አነበበ፦ «መስከረም 12፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ። አዲሱ የቤት ባለቤት መጡ። ቧንቧ ሠሪ መሰሉ። የቆጣሪውን ሳጥን በራሳቸው ቁልፍ ከፈቱ። ቧንቧው ተሠራ። አስተያየት፦ ይቀጥሉ»።

«ያንን ሳጥን ከባለቤቱ በቀር ማንም ከፍቶት አያውቅም» አለ ሾፌሩ። «ቁልፉን ሲያወጡ ነው ያለቀልዎ»።

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?»

«ባለቤት ብንልዎት ይሄዳሉ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ጋሼ ቧንቧ ስንልዎት ግን ይሠራሉ»።

«ይቺ ማጠፊያስ?»

የተዘጋው በር ተከፈተ። ነርሷ ብርድ ልብሷን ለብሳ ቆማለች። «እኔ ነኝ የምፈታት» አለች። «በካልሲ ሲመቷት ድምፁ ደስ ይላል። ቶሎ እንቅልፍ ይወስደኛል»።

ሃያ ሦስት ብልሽት ጠግኛለሁ። ስንቱን እንደፈቱት እንጃ። ሳቅን፣ እጃችንን አፋችን ላይ ጭነን። እኔም ሳቅኩ፣ ሲሸወዱ መሳቅ እወዳለሁ። ዕድሜ ልኬን ሌላውን እየሸወድኩ የሚሸውደኝ ሰው ናፍቆኝ ነበር።

የእህቴ ልጅ አልሳቀችም። የፊቷ ክፍል ውስጥ ገብታለች። ከስፌት መኪናው በላይ ግድግዳው ላይ አንደኛው ቅጂ ተለጥፏል። ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ፣ እጄን ታውቀዋለች።

«ይሄ ያንተ ጽሑፍ ነው» አለች።

«ነው»።

«"ራሷ ካልፈቀደች በቀር ከመስኮቷ አትነሳም"። አንተ ነህ የጻፍከው»።

«ለቀልድ ነው የጀመርኩት...»

«ለእሳቸው ጻፍክላቸው። ለእኔስ ማን ይጻፍልኝ?»

ጮክ ብላ አልተናገረችም። በሹክሹክታ ነው፣ ነርሷ እንዳትረበሽ ብላ። ያ ነው አንጀቴን የበላው። ወጥታ ሄደች።

የስፌት መኪናው ቆሟል። «ክፍሏን የምትፈልጋት ልጅቷ ናት እንዴ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ናት። ቃል ሰጥቻታለሁ። ሥራዋን ለቃለች»።

«ይህን አልነገሩንም»።

«እናንተስ ያወቃችሁትን መች ነገራችሁኝ?»

«የእኛ ቀልድ ነበር» አለች። «የእርስዎ ግን ሰው ይጎዳል»።

ጥቅምት 6

ዛሬ አልቀለድኩም። እህቴ አመመህ ወይ አለችኝ።

ጥቅምት 8

ልብስ ሰፊዋ ሱቄ መጣች። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ከመስኮቴ ውጪ ቆሞ ምንም ዕቃ ያልያዘ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

«ለልጅቷ ግማሹን መስኮት እሰጣታለሁ» አለች። «እኔ በዚህ ጥግ፣ ማሽኗ በዚያ። ለራስዎ እምቢ ነበር፣ ለእሷ ግን...»

ግማሽ መስኮት። ብርሃኑ ይበቃት ይሆን? ለመናገር አፌን ስከፍት አንድ ጎልማሳ ጭንቅላቱን በመሃላችን አስገባ። «ኮፒ አለ?» የለም አልኩት። ልናገር ስል ሁለት ሴቶች። «ኮፒ?» የለም። ሦስተኛው ወረቀቱን ብቻ አውለበለበልኝ። ራሴን ነቀነቅኩ።

ልብስ ሰፊዋ ዞር ብላ መንገዱን አየች። የመሥሪያ ቤቱን ሰልፍ አየች። መስኮቴን ከላይ እስከ ታች አየችው፣ ሱሪ ለመጠገን እንደምታየው።

«በቀን ስንት ናቸው?»

«ዘጠኝ፣ አሥር። ሰኞ ሰኞ ሃያ ይሆናሉ»።

ሜትሯን አንገቷ ላይ አስተካከለች።

«ጋሼ ቧንቧ» አለች፣ «የሰው ቤት ቀዳዳ ቶሎ ነው የሚታይዎት»።

ብላ ሄደች። እኔ ተቀምጬ ቀረሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የከተማው ሰው ሁሉ በዚህ መስኮት ጭንቅላቱን እያስገባ ምን ሱቅ መሆን እንዳለበት ነግሮኛል። እኔ ስቀልድበት ኖርኩ።

የእህቴን ልጅ ጠራኋት። ሦስት ቀን ስላኮረፈች በር ላይ ቆመች።

«ይቺን መስኮት ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«የቱን?»

«ይቺን። የተደገፍኩባትን»።

«ሁልጊዜ ይታየኝ ነበር» አለች። «ግን ሃያ ስድስት ዓመት የተቀመጠ ሰው፣ ጋሼ... ተነስ ይባላል እንዴ?»

አይባልም። አሥራ ሰባት ዓመት የተቀመጠችውን ግን ተነሺ ልል በሜትሯ ለክቼ ነበር። ፊቴን ወደ ካውያዎቹ አዞርኩ።

«ካውያዎችህስ?» አለች።

«ካውያ መስኮት አይፈልግም። አንዲት አሮጊት ነግረውኛል»።

አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እንደ መስከረሙ ቀን አይደለም። ይሄኛው ያማል።

ጥቅምት 11

ግቢው ዕቃ ቤቱ ውስጥ እንድኖር ፈቀደ። ቤቱ የእኔ ነው ብዬ ነበር፣ መዝገቡ አልተቀበለኝም።

«ቤቱ የእርስዎ ነው» አለ። «የልብስ ማስጫው ገመድ ግን የነዋሪው ነው። ለገመዱ ማመልከቻ ያስገቡ»።

አስገባሁ። ቆሜ ሲመክሩብኝ ሰማሁ።

«ጠባዩ እንዴት ነው?» አለ ሾፌሩ።

«ከባለቤቱ ጋር ይቀራረባል ይባላል» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እንግዲያው ጠባዩ አጠራጣሪ ነው»።

የደረሰኝ ተራ ሐሙስ ከሰዓት ነው፣ ፀሐይዋ ከገመዱ ላይ ስትነሳ። ይግባኝ እንዳልል ተራውን የሚያወጣው ነዋሪ ነው የሚለውን አንቀጽ እኔው ነኝ የጻፍኩት።

ጥቅምት 15

ማሽኑ መጣ። ለአራት ተሸክመን አስገባነው፣ ሾፌሩም መጥቶ አገዘን፣ እዚህ እንደ ልቡ እየጮኸ።

ካውያዎቼ ሲወጡ ክፍሉ ሌላ ሰው መሰለ። ሰዓቱ የነበረበት ቦታ ግድግዳው ነጭ ነው። የመስኮቱ ደፍ ላይ አንድ ጎድጓዳ ቦታ አለ። ክርኔን አስቀመጥኩበት፣ ልክክ አለ። የልብስ ሰፊዋ ሲሚንቶ ትዝ አለኝ። እህቴ አየችኝና ወደ ጓዳ ገባች።

የእህቴ ልጅ በሩ ላይ ያለውን ካውያ ቀለም ቀባችበት። የመጀመሪያው ደንበኛ ወዲያው መጣ።

ካውያ ይዞ።

ኅዳር 4

የእህቴ ልጅ ደወለች። ሰልፉ እስከ ዛፉ ድረስ ነው። ካውያ የሚያመጡትን ወደ እኔ ትልካቸዋለች፣ እንዴት አድርጋ እንደምታስረዳቸው እንጃ፣ ሁሉም በር ላይ ጉሮሯቸውን ጠርገው በሹክሹክታ ነው የሚገቡት።

እኔም እንዲሁ ነው የምገባው።

ዕቃ ቤቱ ጨለማ ነው። አምፖልና መነጽር ይበቃኛል ብዬ ነበር፣ ለካውያው ይበቃል። ለሰውዬው ግን... ጠዋት ስነሳ ዝናብ ይሁን ፀሐይ አላውቅም። ልብስ ሰፊዋን ነው የምጠይቃት። «ሐሙስ ነው?» ትለኛለች። «ነው» እላለሁ። «እንግዲያው ይዘንባል»።

ዛሬ ወደ መዝገቡ ሄድኩ። ደብተሩን አወጣ።

«ተራ ቁጥር 24» አልኩት። «የኋላ ክፍል። መስኮት የለውም»።

«አስተያየት?»

«ከባድ»።

ጻፈው፣ አስፈረመኝ፣ በካርቦን ሦስት ቅጂ አደረገው። አንዱን አጥፎ ሰጠኝ።

«ለባለቤቱ ያድርሱልን» አለ። «መልስ ይሰጣል ብለው ያስባሉ?»

«ሰውዬውን አውቀዋለሁ» አልኩ። «ደግ የሚመስለው ፊቱ ብቻ ነው»።

ሜትር ከልብስ ሰፊዋ ተውሻለሁ። ነገ ግድግዳውን እበሳለሁ፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ።